የብራና ምስሎችን ከታመቀ ጥቅል ሳያወጡ ማንበብ፦ የአንድ የንባብ ቡድን የጉዳይ ጥናት

መነሻ ሁኔታ

ብዙ የብራና መጻሕፍት ያሉት አንድ ደብር ከጥቂት ዓመታት በፊት በዕቃ ቤቱ የሚገኙትን መጻሕፍት በዲጂታል ካሜራ አስነሥቶ ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ በተለያየ ዙር መጥተው ሠሩ፤ ሲጨርሱም ምስሎቹን በአንድ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ አስረከቡ። መጻሕፍቱን አንብቦ ዝርዝር የማዘጋጀቱ ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ አነስተኛ የንባብ ቡድን ተሰጠ። ቡድኑ አንድ መሪጌታ፣ ሁለት ግእዝ የተማሩ ወጣቶችና ኮምፒውተሮቹን የሚከታተል አንድ ባለሙያ ነበሩት። ይህ ጽሑፍ ቡድኑ ምስሎቹን ለመመልከት ሲሞክር የገጠመውን ችግርና የወሰዳቸውን እርምጃዎች ይመዘግባል። ደብሩም ሆነ ሰዎቹ በስም አይጠቀሱም።

በዲስኩ ላይ ምስሎቹ የተቀመጡት በተራ ፎልደር ሳይሆን በታመቁ ጥቅሎች፣ ማለትም ብዙ ፋይሎችን አስረው እንደ አንድ ፋይል በሚይዙ ማኅደሮች ውስጥ ነበር፤ ገሚሶቹ ዚፕ፣ ገሚሶቹ ሰቨን ዚፕ፣ ጥቂቶቹ ራር ነበሩ። አስረካቢዎቹ ይህን በማድረጋቸው የሚነቀፉ አይደሉም። በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን አንድ በአንድ መገልበጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድልም በቀላሉ አይታወቅም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ደግሞ መጠኑና ጥራቱ ይቀነሳል፤ በደበዘዘ ቀይ ቀለም የተጻፈ ስም ወይም በኅዳግ ላይ የሰፈረ ደቃቅ ማስታወሻ በዚህ መንገድ ሊጠፋ ይችላል። በጥቅል የታሰሩ ምስሎች ግን እንደ አንድ ፋይል ይጓዛሉ፣ ይዘታቸውም አይነካም።

ከዲጂታል ካሜራ በፊት የነበረውን አሠራር እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም ያስነሣ ሲሆን፣ የፊልሞቹ ቅጂዎች አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በፊልም የተነሣ መጽሐፍ ቅጠሎቹ በተነሡበት ተራ በአንድ ሪል ላይ ተያይዘው ስለሚኖሩ፣ ተመልካቹ ቢፈልግም ተራቸውን ሊያዛባ አይችልም። በዲጂታል ምስል ግን ተራውን የሚጠብቀው የፋይሉ ስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጉዳይ ከታዩት ችግሮች ግማሹ የመነጨው ከዚህ ነው።

ችግሩ እንዴት ታየ

የቡድኑ ኮምፒውተሮች ያረጁ ነበሩ፤ ራማቸው አራት ጊጋባይት፣ ውስጣዊ ዲስካቸውም ሊሞላ የተቃረበ ነበር። ሁሉንም ጥቅሎች ፈትቶ ማስቀመጥ የማይታሰብ ስለነበር፣ ምስሎቹን ከጥቅሉ ሳያወጡ መመልከት አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ዊንዶውስ ከኤክስፒ ዘመን ጀምሮ ዚፕን እንደ ፎልደር ከፍቶ ስለሚያሳይ፣ ወጣቶቹ ጥቅሉን ከፍተው በውስጡ ያለውን ምስል ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረጉ። ምስሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን ወደሚቀጥለው ገጽ የሚወስደው ቀስት አልሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የተመረጠውን አንድ ምስል ብቻ ወደ ጊዜያዊ ፎልደር አውጥቶ ለመመልከቻው መስጠት ነው፤ መመልከቻው ጎረቤት ምስሎች መኖራቸውን አያውቅም። መሪጌታው አንድ ቅጠል ባነበቡ ቁጥር መስኮቱን ዘግተው፣ ወደ ጥቅሉ ተመልሰው፣ የሚቀጥለውን ፈልገው መክፈት ነበረባቸው። እሳቸውም ብራናው ራሱ በእጃቸው ቢሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ገጽ ይገልጡ እንደነበር ተናገሩ፤ ልክም ነበሩ። ሰቨን ዚፕና ራር የሆኑት ጥቅሎች ደግሞ ጭራሽ አልተከፈቱም፤ ዊንዶውስ 11 እነዚህን ዓይነቶች በራሱ መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ማሻሻያ ሲሆን የቡድኑ ኮምፒውተሮች ከዚያ የቀደሙ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የታመቀ ጥቅልን በቀጥታ የሚያነቡ የምስል መመልከቻዎች ተሞከሩ። ሁሉም ከፊሉን ጥቅል በደንብ ያሳያሉ፤ በሌላው ላይ ይንቀራፈፋሉ፣ ወይም ተራውን ያዛባሉ፣ ወይም ባዶ ገጽ ያሳያሉ። ቡድኑ ችግሩ የመመልከቻው ነው ብሎ ስላመነ አንዱን እየጣለ ሌላውን ያወርድ ነበር። በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ የባከነው እዚህ ላይ ነው። አንድ መመልከቻ በአንዱ ጥቅል ላይ ፈጣን፣ በሌላው ላይ ቀርፋፋ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት መመልከቻው ሳይሆን የጥቅሉ አስተሳሰር ነው።

ጥቅሎቹ ሲመረመሩ

በዚህ ደረጃ መመልከቻ መቀየሩ እንዲቆምና ከየዓይነቱ አንዳንድ ጥቅል ተመርጦ ውስጡ እንዲመረመር ተደረገ። በሰቨን ዚፕ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የፋይሎች ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ምስል መጠን፣ የታመቀበትን ዘዴና የማረጋገጫ ቁጥሩን ስለሚያሳይ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

ዚፕ በአሜሪካዊው ፊል ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበ አሠራር ነው። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ይታመቃል፤ በጥቅሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ የትኛው ፋይል ከየት እንደሚጀምር የሚናገር ማውጫ አለ። ስለዚህ መመልከቻው ማውጫውን አንብቦ ሦስት መቶኛውን ምስል ሲፈልግ ሌሎቹን ሳይነካ በቀጥታ ይሄድበታል። ሰቨን ዚፕ ግን ካልተከለከለ በቀር ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ አጣብቆ እንደ አንድ ረጅም ጅረት ያምቃቸዋል፤ ራርም ይህ አማራጭ አለው። እንዲህ የታሰረ ጥቅል እንደ ክታብ ጥቅልል ነው፤ መካከሉን ለማንበብ ከጫፉ ጀምሮ መተርተር የግድ ይላል። መመልከቻው ሦስት መቶኛውን ምስል ለማሳየት የቀደሙትን ሁሉ መፍታት አለበት፤ አንዳንዱ መመልከቻ ደግሞ የፈታውን ስለማያስቀምጥ ለሚቀጥለው ምስል እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። መሪጌታው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ በተጠጉ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይበልጥ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነበር። ይህ ምልክት ለምርመራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ መዘግየቱ ከገጽ ቁጥሩ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ጥቅሉ በአንድነት የታመቀ ነው።

ሰንጠረዡ ያሳየው ሌላ ነገርም ነበር። ምስሎቹ ጄፔግ ስለነበሩ በመታመቃቸው ያተረፉት ቦታ ከጥቂት በመቶ አይበልጥም ነበር። ጄፔግ ራሱ የታመቀ የምስል ዓይነት ነውና በላዩ ላይ ሌላ ማመቂያ ቢጨመርበት የሚቀንስ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ቡድኑ ዝግታውን የተሸከመው ለምንም ነበር። ሳይታመቁ ለተቀመጡ የቲፍ ምስሎች ነገሩ ይለያል፤ በ24 ሜጋፒክስል የተነሣ አንድ ባለቀለም ቲፍ 72 ሚሊዮን ባይት ገደማ ስለሚይዝ ማመቅ እውነተኛ ጥቅም አለው። በዲስኩ ላይ ቲፍ የያዙት ጥቅሎች ግን ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ለመጠባበቂያ እንጂ ለንባብ የታሰቡ አልነበሩም።

የስሞች መበላሸት

ከዚፕ ጥቅሎቹ መካከል በማክ ኮምፒውተር ላይ የታሰሩት በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎችን ይዘው ነበር። በዊንዶውስ ላይ ሲከፈቱ ስሞቹ በባዕድ ምልክቶች ተሞልተው ታዩ፤ አንደኛው ወጣትም ጥቅሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊተወው ነበር። ነገር ግን ምልክቶቹ ሥርዓት ነበራቸው፦ የጀርመንኛው ድርብ ኤስ በየሦስተኛው ቦታ ላይ ይደጋገም ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተጠቃሚ ማወቁ ብዙ ድካም ያድናል። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመደበኛው ፊደል የመጀመሪያ ባይትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቀድሞው የዚፕ አሠራር ስሞችን የሚያነበው በጥንቱ የአይቢኤም ኮምፒውተር የፊደል ሰንጠረዥ፣ ማለትም በኮድ ገጽ 437 ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ ያ የመጀመሪያ ባይት የጀርመንኛው ድርብ ኤስ ነው። ስሙ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን የሚያመለክት ምልክት በዚፕ መግለጫ ሰነድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ የማክ የራሱ ማሰሪያ ስሙን በዩቲኤፍ-8 ጽፎ ምልክቱን ሳያደርግ መተዉ የታወቀ ነው። ስለዚህ ድርብ ኤስ በየሦስተኛው ቦታ ከታየ ፋይሉ ጤነኛ፣ ስሙም ሙሉ ነው፤ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ብቻ ተነብቧል። የጥቅሉን የስም አጻጻፍ ለተጠቃሚው ምርጫ በሚተው ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8 ተመርጦ ሲከፈት አማርኛው ተመልሶ ታየ።

እነዚሁ ጥቅሎች ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገርም ነበራቸው። መመልከቻው ከእውነተኞቹ ምስሎች በተጨማሪ በቁጥር የሚመሳሰሏቸው የማይከፈቱ ምስሎችን ያሳይ ነበር። ማክ በጥቅሉ ውስጥ የራሱን ተጨማሪ መረጃ በተለየ ፎልደር ያስቀምጣል፤ የፋይሎቹ ስሞች በነጥብና በግርጌ ሰረዝ ቢጀምሩም በጄፔግ ቅጥያ ስለሚያበቁ መመልከቻው ምስል ይመስሉታል። መጽሐፉ ግማሹ የጠፋ ያስመስላል እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ፎልደሩን ከጥቅሉ መሰረዝ በቂ ነበር።

የቅጠሎች ተራ

ከሁሉም ከባዱ ችግር ይህ ነበር፤ ያስተዋሉትም መሪጌታው ናቸው። አንድ ድርሳን ሲያነቡ የአንዱ ገጽ መጨረሻ ከሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ጋር አልያያዝ አላቸው። የብራና መጻሕፍት እንደገና ሲጠረዙ ቅጠሎቻቸው መዛባታቸው የተለመደ በመሆኑ፣ ከወጣቶቹ አንዱ በዝርዝሩ ላይ መጽሐፉ ተዛብቶ የተጠረዘ መሆኑን ሊጽፍ ተዘጋጅቶ ነበር። መሪጌታው ግን ንባቡ የተዛባው በሥርዓት መሆኑን አመለከቱ፤ የእያንዳንዱ ቅጠል ጀርባ ከፊቱ ቀድሞ ይመጣ ነበር። ጠራዥ በየቅጠሉ እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠራ አይችልም፤ ቅጠሉ አንድ ነውና ፊቱን ከጀርባው ነጥሎ ማስቀመጥ አይቻልም።

ጥፋቱ ከስያሜው ነበር። ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን ምስል በቅጠሉ ቁጥርና «ፊት» ወይም «ጀርባ» በሚሉ ቃላት ሰይሞት ነበር፤ ለሰው የሚመች ስያሜ ነው። መመልከቻው ግን የሚደረድረው በፊደላቱ የዩኒኮድ መለያ ቁጥር ነው። በፊደል ገበታው «ጀ» ከ«ፈ» ስለሚቀድም ጀርባው ሁሉ ከፊቱ ቀደመ። «ሀ» እና «ለ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ምንም ችግር አይፈጠርም ነበር።

በቁጥሮቹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከፊት ዜሮ ሳይጨመርባቸው የተጻፉ ተራ ቁጥሮች ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ 100ን፣ 101ን ካስቀደሙ በኋላ ወደ 2 ይመጣሉ፤ ይህ በሰፊው የታወቀ ነው። ብዙም የማይታወቀው የግእዝ ቁጥሮች ጠባይ ነው። በሁለተኛው ዙር የመጣው ፎቶ አንሺ ቅጠሎቹን በግእዝ ቁጥር ሰይሞ ነበርና ባለሙያው መጀመሪያ የሚበላሸው ይህ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ሆኖም ከ፩ እስከ ፻፺፱ ድረስ ያለው ተራ ምንም አልተዛነፈም። የግእዝ አኃዝ ለአሥርና ለመቶ የራሱ ምልክት ስላለው፣ የምልክቶቹም የዩኒኮድ ተራ ከ፩ እስከ ፻ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ፲ ከ፱ በኋላ፣ ፻ ከ፺፱ በኋላ በራሱ ይሰለፋል፤ የሚያግዘው ዜሮ አያስፈልገውም። ነገሩ የሚፈርሰው ሁለት መቶ ላይ ነው። ሁለት መቶ ፪፻ ተብሎ ስለሚጻፍ መነሻው ፪ ነው፤ ስለዚህ ሁለት መቶኛው ቅጠልና ተከታዮቹ ከሁለተኛው ቅጠል ቀጥለው፣ ከሦስተኛው በፊት ገቡ። ከሁለት መቶ ቅጠል የሚያንሱት መጻሕፍት በሙሉ ደህና ሆነው ሲታዩ፣ አንዱ ወፍራም መጽሐፍ ብቻ ከሁለተኛው ቅጠሉ በኋላ በድንገት ወደ መጨረሻው ክፍል ይዘል ነበር። ምክንያቱን ሳያውቅ ይህን ያየ ሰው በእርግጥም ጠራዡን ይወቅሳል።

ሦስተኛው ዓይነት ካሜራው ራሱ የሰጠው ስም ነበር። የካሜራ ቆጣሪ ባለ አራት አኃዝ በመሆኑ ከ9999 በኋላ ወደ 0001 ይመለሳል፤ ቆጣሪው መካከላቸው ላይ የተመለሰባቸው መጻሕፍት መጨረሻቸው ቀድሞ ታየ። እነዚህን ለማስተካከል በምስሉ ውስጥ የተመዘገበው የተነሣበት ሰዓት አገለገለ።

እንደገና ማሰር

ቡድኑ በመጨረሻ የወሰነው ዋናዎቹን ጥቅሎች ሳይነካ ለንባብ የሚሆን ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ነበር። ሥራው መጽሐፍ በመጽሐፍ ተካሄደ፤ አንድ ጥቅል ይፈታል፣ ፋይሎቹ ይሰየማሉ፣ እንደገና ይታሰራል፣ ይፈተሻል፣ የተፈታውም ይጠፋል። በዚህ መንገድ በኮምፒውተሩ ላይ የአንድ መጽሐፍ ያህል ባዶ ቦታ ብቻ አስፈለገ።

አዲሱ ጥቅል ዚፕ ሆነ፤ ማመቂያውም ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ዚፕ ፋይሎችን ሳያምቅ እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ጄፔግ ለያዘ ጥቅል ከዚህ የተሻለ የለም። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ጥቅል ተመደበ። ይህም የተደረገው ለመለየት እንዲመች ብቻ ሳይሆን፣ በብዙ ፍላሽ ላይ የሚገኘው ፋት 32 የተባለው አሠራር አራት ጊጋባይት የሞላ ፋይልን ስለማይቀበል ነው። ፋይሎቹ ሦስት አኃዝ ባለው ቁጥርና በላቲን ፊደል ኤ ወይም ቢ ተሰየሙ። መሪጌታው የግእዙ ቁጥር መቅረቱን አልወደዱትም ነበር፤ ስለዚህ የመጽሐፉን ስም፣ የግእዙን የቅጠል ቁጥርና የቀድሞውን የፋይል ስም ጎን ለጎን የያዘ የጽሑፍ ፋይል በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ተጨመረ። እኔ ይህን መፍትሔ ከመመቻመች የተሻለ አድርጌ አየዋለሁ፤ ለወደፊት ተመራማሪ የቀድሞው ስያሜ ራሱ ማስረጃ ነው።

የጥቅሎቹ ቅጥያ ከዚፕ ወደ ሲቢዜድ ተቀየረ። ሲቢዜድ በሥዕል ለሚተረኩ የኮሚክ መጻሕፍት ንባብ የተለመደ ቅጥያ ሲሆን ውስጡ ያው ዚፕ ነው። ጥቅሙ ኮምፒውተሩ ጥቅሉን እንደ ፎልደር ሳይሆን እንደ መጽሐፍ አንባቢ ለሆነ ፕሮግራም እንዲሰጠው ማድረጉ ነው። በዊንዶውስ ሱማትራ ፒዲኤፍና ሀኒቪው፣ በሊኑክስ ኦኩላርና ኢቪንስ ይከፍቱታል። መሪጌታው ሱማትራን መረጡ፤ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ያሳያል፣ ቀላልም ነው። ወጣቶቹ የኅዳግ ጽሑፍ ለማጉላት ሀኒቪውን መረጡ።

የተፈታው ከመጥፋቱ በፊት አዲሱ ቅጂ ከዋናው ጋር አንድ መሆኑ የተረጋገጠው ምስሎቹን በዓይን በማወዳደር አልነበረም። ዚፕም ሰቨን ዚፕም ለእያንዳንዱ ፋይል ሲአርሲ-32 የተባለ የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛሉ፤ ቁጥሩ የሚሰላው ካልታመቀው ይዘት ስለሆነ አስተሳሰሩ ቢለያይም አይለወጥም። የሁለቱ ጥቅሎች የቁጥር ዝርዝር ተነጻጽሮ አንድ ሆኖ ከተገኘ ምንም ምስል አልጎደለም፣ አልተለወጠም ማለት ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

በስልክ ለማንበብ የተደረገው ሙከራ ለትንንሽ መጻሕፍት ብቻ አገለገለ። ጥቅሉ ምንም ያህል ቢታመቅ ምስሉ በስክሪን ላይ ሲታይ ሙሉ በሙሉ ስለሚዘረጋ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ምስል ከራም ላይ የሚይዘው ቦታ ያው 72 ሚሊዮን ባይት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሚቀጥሉትን ገጾች ቀድሞ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በደካማ ስልክ ላይ ወዲያው ይዘጋል። በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮችም ይህ ቅድመ ዝግጅት ወደ አንድ ገጽ ዝቅ እስኪደረግ ድረስ መንተፋተፍ ነበር።

ድንክዬ ምስሎችን በአንድ ላይ የማየት ፍላጎትም አልተሳካም። ፕሮግራሙ ድንክዬዎቹን ለማዘጋጀት እያንዳንዱን ምስል ከውጫዊው ዲስክ ማንበብ ስላለበት፣ ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ የሚፈጀው ጊዜ ከጥቅሙ በለጠ። አንዱ ወጣት በሊኑክስ የተለመደውን ታር ጂዚፕ የተባለ የማሰሪያ ዘዴ በሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ይህ ደግሞ ማውጫ የሌለውና ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ጅረት የሚታመቅ በመሆኑ የሸሹትን ችግር መልሶ ያመጣል።

አንድ ዚፕ ጥቅል ሲገለበጥ ተቋርጦ መጨረሻው የጎደለ ሆኖ ተገኘ። ማውጫው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ፕሮግራሞቹ ጥቅል አይደለም ብለው መለሱት። ይሁንና በዚፕ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል በራሱ መነሻ ላይ አጭር መግለጫ ስላለው፣ የዚፕ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ባለው የጥገና አማራጭ አብዛኛዎቹ ገጾች ተመለሱ፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ግን እንደገና መነሣት ነበረባቸው። በአንድነት የታመቀ ሰቨን ዚፕ ቢሆን ኖሮ ማትረፉ እጅግ አዳጋች በሆነ ነበር።

ስለ ደህንነት የተነሣው ጥያቄ

ባለሙያው ከውጭ የመጣ ጥቅልን በማሰሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ ምስል ጠቅ ማድረግን ከልክሎ ነበር፤ ወጣቶቹ የተጋነነ ጥንቃቄ መስሏቸው ነበር። አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግሩፕ-አይቢ የተባለ የደህንነት ተቋም ራር ጥቅሎችን በሚከፍተው ዊንራር በተባለ ፕሮግራም ላይ ያገኘው ሲቪኢ-2023-38831 የተባለ ክፍተት በትክክል በዚህ ድርጊት ላይ የተመሠረተ ነበር። አጥቂዎች በጥቅሉ ውስጥ አንድ ንጹሕ ምስልና ከምስሉ ጋር ተመሳሳይ ስም ያለው ፎልደር ያስቀምጣሉ፤ ተጠቃሚው ምስሉን ጠቅ ሲያደርግ በፎልደሩ ውስጥ የተደበቀው ትእዛዝ ይሠራል። ክፍተቱ ከዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ጀምሮ በፋይናንስ ገበያ ነጋዴዎች ላይ ሲሠራበት ቆይቶ በነሐሴ በወጣው ስሪት 6.23 ተደፍኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በኢቪንስ የኮሚክ መጽሐፍ ንባብ ላይ፣ በጥቅሉ ውስጥ ያለ የፋይል ስም ራሱ እንደ ትእዛዝ የሚሠራበት ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ምስሉን ብቻ አንብቦ ፋይል የማያወጣ መመልከቻ ከመጀመሪያው ዓይነት አደጋ ይጠብቃል፤ ከሁለተኛው የሚጠብቀው ፕሮግራሙን ማሻሻል ነው።

ለሌላ ሥራ የሚተርፉ ነጥቦች

የቆዩ ጋዜጦችን፣ የመሬት ካርታዎችን፣ የተማሪ መዝገቦችን ወይም የሠርግ ፎቶዎችን በጥቅል የሚቀበል ሰው ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ርክክብ ሲደረግ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥቅሉ በአንድነት የታመቀ ነው ወይስ ፋይል በፋይል የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት የመጨረሻውን ምስል ከፍቶ ከመጀመሪያው ጋር ፍጥነቱን ማነጻጸር ይበቃል። የሚያስረክበው ሰው ገና አላሰረ ከሆነ ደግሞ ጄፔጎቹን ሳያምቅ በዚፕ እንዲያስር መጠየቅ ከዝግታ የሚመጣውን የኋላ ድካም ያስቀራል።

የስያሜ ውል ከሥራው በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ሦስት ዙር ፎቶ አንሺዎች ሦስት ዓይነት ስያሜ ይዘው መጡ፣ ሁሉም ለየራሳቸው ምክንያታዊ ነበሩ። በአማርኛ ቃል ወይም በግእዝ ቁጥር መሰየም ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ቃላቱ በፊደል ተራ ሲሰለፉ የታሰበውን ቅደም ተከተል የሚሰጡ መሆናቸው፣ ቁጥሩም ሁለት መቶ የሚደርስ መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይታይ። አምስት ባዶ ፋይሎችን በታሰበው ስም ሠርቶ በዚፕ አስሮ በተመረጠው መመልከቻ መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በምስል ብቻ መጽሐፍን የሚገልጽ ሰው ስለ ጥራዝ መዛባት ከመጻፉ በፊት የፋይሎቹን ስምና የተነሡበትን ሰዓት ያመሳክር። የንባብ ቡድኑ በዝርዝሩ ላይ አሁን ለዚህ የተለየ አምድ አለው፤ ቅጠል ተዛብቷል የሚል ማንኛውም ማስታወሻ ከዋናው ጥቅል የሰዓት ቅደም ተከተል ጋር ተያይቶ በመሪጌታው ካልጸደቀ ወደ ዝርዝሩ አይገባም።